ኮክ ሁለት ቀን አይጠብቅም

ከአንባቢያን ጓዳ፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ፍሬ ሆኑብኝ። ተነጋግራችሁ ነው እንዴ? ለማንኛውም አምዱን ለኮክ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የድሮ አውሮፓ ምግቦችን መሞከር እወዳለሁ። በቅርቡ የሮማውያን ነው የተባለ የኮክ አሠራር አገኘሁ። ኮኩ ተቆራርጦ ይቀቀላል፣ ዘይት ይደረግበታል፣ ከዚያ የከሙን መረቅ ይፈስበታል ይላል። ከሙን! ተርጓሚው ተሳስቶ ነው ወይስ የእውነት እንዲህ ይበሉ ነበር? ደግሞስ ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ኮክን እንዴት ያቆዩት ነበር? (ግራ የገባው አብሳይ)

መልስ፦ ተርጓሚውን ይማሩት፤ አልተሳሳተም።

ያገኙት አሠራር «አፒኪየስ» በሚባለው የሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። መጽሐፉ ዛሬ በምናውቀው መልክ የተሰባሰበው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ስለዚህ ምግብ የሚለው ከሁለት መስመር አይበልጥም። ጠንካራ ጠንካራውን ኮክ አጽዳ፣ ቆራርጥ፣ ቀቅል፣ በሳህን ደርድር፣ ዘይት ጠብ አድርግ፣ በከሙን መረቅ አቅርብ። አለቀ። መጠን የለ፣ ሰዓት የለ። የተጻፈው ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ነውና ማን ያብራራል?

የከሙን መረቁ ራሱ ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ያውም ለኦይስተርና ለሌሎች የባሕር ዛጎሎች ተብሎ። ቁንዶ በርበሬ፣ ፓርስሊ፣ ደረቅ ናና፣ ጠርቀም ያለ ከሙን፣ ማር፣ ኮምጣጤ እና የዓሣ ፈሳሽ ይገባበታል። የዓሣ ፈሳሹ ዓሣ በጨው ተብላልቶ ተጠልሎ የሚወጣ ነው። እኛ ጨው በምንነሰንስበት ቦታ ሮማውያን እሱን ጠብ ያደርጉ ነበር።

እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ የወሰድኩት ቆንጆ፣ የበሰለ፣ ሲነኩት ጭማቂው ጣት ላይ የሚወርድ ኮክ ነበር። ድስቱ ውስጥ ገንፎ ሆነ። ባለቤቴ ቀመሰና «ይሄ ለየትኛው ሕመም ነው?» አለኝ። ጽሑፉን ተመልሼ ሳነብ ለካ የዘለልኳት ቃል «ጠንካራ» የምትለዋ ናት። በሁለተኛው ጊዜ ገና ያልለሰለሰ፣ ጥርስ የሚፈልግ ኮክ ወሰድኩ። ቅርጹን ይዞ ቀረ። ጣፋጭነቱ ትንሽ፣ ጎምዛዛነቱ ብዙ ነው። ከሙኑና ኮምጣጤው ያኔ ቦታቸውን አገኙ። ምግብ እንጂ ማጣጣሚያ አይደለም። ከተጠበሰ ሥጋ ጎን ባስቀምጠው አላፍርም።

ያቺ «ጠንካራ» የምትል ቃል ለሁለተኛው ጥያቄዎም መልስ ናት። ሮማውያን ኮክን «የፋርስ ፖም» ይሉት ነበር። ፍሬው ከቻይና ተነሥቶ በፋርስ በኩል ነው የደረሳቸው። ከዓይነቶቹ ሁሉ የሚመርጡት «ዱራኪና» የሚሉትን ነው፤ ሥጋው ጥብቅ ያለ፣ ከዘሩ አልላቀቅ የሚል። ግሪኮች ዛሬም ኮክን «ሮዳኪኖ» ሲሉ ያንኑ የሮማውያን ቃል ነው የሚጠሩት፤ አፍ ላይ ትንሽ ተጣሞ።

ለምን ጠንካራውን? ሮማዊው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። አንድ ኮክ እስከ 30 ሴስተርስ (የሮማውያን ሳንቲም ነው) ተሸጧል፤ ከዚያ በላይ የተሸጠ ፍሬም የለም ይላል። ቀጥሎ ራሱ ይገረማል። ምክንያቱም እንደ ኮክ ቶሎ የሚያልፍ ፍሬ የለም፤ ከተቆረጠ በኋላ ቢበዛ የሚቆየው ሁለት ቀን ነው፣ ባለቤቱን ሽጠኝ ብሎ ያስገድዳል። ነጋዴን የሚያጣድፍ ፍሬ! እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የድሮ የኮክ አሠራሮችን የማያቸው በሌላ ዓይን ነው። አብዛኞቹ ከዚያ ሁለት ቀን ጋር የተደረገ እሽቅድምድም ናቸው።

ኔፕልስ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ከሄርኩላኒየም የወጣ የግድግዳ ሥዕል አለ። ከተማዋ በ79 በእሳተ ገሞራ ከመቀበሯ በፊት የተሳለ ነው። ኮኮች ከነቅጠላቸው ይታያሉ፤ አጠገባቸው ውሃ ያለበት የመስታወት ዕቃ ተቀምጧል። አንዱ ተከፍቶ ዘሩ ይታያል። ቀለማቸው ግን እኛ የለመድነው ቀይና ቢጫ አይደለም፤ አረንጓዴ ናቸው።

አሁን ወደ ማቆየቱ። አፒኪየስ እንዲህ ይላል፦ ምርጥ ምርጡን ዱራኪና ምረጥ፣ የጨው ውሃ ውስጥ ክተት። በማግስቱ አውጣ፣ በስፖንጅ በደንብ ጥረግ፣ በዕቃ ደርድር። ጨው፣ ኮምጣጤ እና ሳቮሪ የሚባለውን የጦስኝ ዘመድ ጨምርበት። ስኳር የለም፣ ማርም የለም። ስለ እርሻ የጻፈው ፓላዲየስ ደግሞ ሌሎች መንገዶች ይጨምራል። ዘሩን አውጥቶ እንደ በለስ ፀሐይ ላይ ማድረቅና መስቀል አንዱ ነው። ዘሩን አውጥቶ በማር ማቆየት ሌላው ነው፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንዳየና ጣዕሙም ግሩም እንደሆነ ይመሰክራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሦስተኛው ነው። የኮኩን እምብርት በትኩስ ዝፍት ጠብታ ይደፍኑና፣ ተቀቅሎ በወፈረ የወይን ጭማቂ ላይ አንሳፈው ዕቃውን ይከድናሉ። አየር የሚገባበትን በር መዝጋት ማለት ነው። ተሕዋስያንን ማንም ባላየበት ዘመን!

ከዚያ ወደ 1,300 ዓመት ገደማ እንዝለል። እንግሊዛዊቷ ሃና ግላስ በ1747 የምግብ መጽሐፏን አሳተመች። ኮክ በኮምጣጤ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ ትነግረናለች። መጠኑ የሞላ፣ ሊበስል ጥቂት የቀረው፣ ያልተቀጠቀጠ ኮክ ውሰጂ። የጨው ውሃ አዘጋጂ፤ እንቁላል እስኪያንሳፍፍ ድረስ ጨው ይኑረው። ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ አውጥተሽ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ በጠርሙስ ደርድሪው፣ በነጭ ወይን ኮምጣጤ ሙይው። ለአንድ ጋሎን ኮምጣጤ ሁለት ወይም ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የተሸነሸነ ዝንጅብል፣ ሰናፍጭ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ። አፉን በከብት ፊኛና በቆዳ እሰሪው። በሁለት ወር ይደርሳል።

አስተዋሉ? ጠንካራ ኮክ፣ የጨው ውሃ፣ መጥረግ፣ ኮምጣጤ። ስፖንጁ ጨርቅ ሆነ እንጂ የእጁ ሥራ ያው ነው።

የእንቁላሏ ነገር ቀልድ አይደለም። ትኩስ እንቁላል ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ጨው በጨመሩ ቁጥር ውሃው ይከብድና እንቁላሉን ያነሣዋል፤ ይህም ከ10 በመቶ ገደማ ጨው ጋር የሚሆን ነው። ሚዛን የሌለው ቤት ሚዛኑ እንቁላል ነበር። እኔ ይህን አድርጌ ተሳክቶልኛል። ያልተሳካልኝ ሌላው ነው። ሃና ግላስ ኮኮቹ ከውሃው በላይ እንዳይወጡ ስስ ጣውላ ጫኝባቸው ትላለች። ጣውላዋን ናቅኳት። በሦስተኛው ቀን የተንሳፈፉት ሁሉ ጀርባቸው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ግማሹን ጣልኩ። አሁን ሳህን ደፍቼበት ነው የምተወው።

ጣፋጩ ኮክ የመጣው በኋላ ነው። በመካከለኛው ዘመን ስኳር በአውሮፓ ውድ ነበር፤ የሚሸጠውም መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የሚያመርቱት ስኳር አውሮፓን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ወረደ። በእያንዳንዱ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ያ ታሪክ አለ። ወጥ ቤት ቆሜ ያን መርሳት ይከብደኛል።

ስኳሩ ከተገኘም ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮኩን አንዴ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ከከተቱት ስኳሩ ከመግባቱ በፊት የፍሬው ውሃ ይወጣል፤ ኮኩ ይጨማደዳል። ስለዚህ በቀጭን ሽሮፕ ይጀምራሉ። በማግስቱ ሽሮፑን ለብቻው አፍልተው አወፍረው እንደገና ያፈሱበታል። እንዲህ እያሉ ቀናት ይወስዳል። ለቸኮለ ደግሞ ብራንዲ አለ። በሃና ግላስ አሠራር ኮኩ በፈላ ውሃ ለአፍታ ይነከራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፣ ይንጠፈጠፋል። ለስድስት ኮክ ሩብ ፓውንድ፣ ማለትም 113 ግራም ያህል ስኳር ተነጥሮ ይፈስበታል። ቀሪውን ብራንዲ ይሞላዋል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ።

ሰሜን ጣሊያኖች የተፈጨውን ኮክ ከስኳር ጋር እስኪጠጥር ቀቅለው በአራት ማዕዘን ይቆርጡታል፤ «ፐርሲካታ» ይባላል። ስፔኖች የደረቀውን ቁራጭ «ኦሬሆኔስ» ይሉታል፤ ትልልቅ ጆሮዎች እንደማለት ነው። አንዱን ካዩ ስሙን ማን እንዳወጣው አይጠይቁም። የእሽቅድምድሙ መጨረሻ የመጣው በፈረንሳይ ነው። ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ ከትቶ፣ በቡሽ ደፍኖ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ማቆየትን ፈለሰፈ። መንግሥት ዘዴውን አሳትም ብሎ 12,000 ፍራንክ ሰጠው፤ መጽሐፉ በ1810 ወጣ። ኮክም እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ማቆያ ሳይጨመርበት፣ ሳይደርቅም፣ በሙቀት ብቻ የሚቆይ ኮክ ያኔ ተገኘ።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ኮክ በልቶ ሞተ የሚል አንብቤ ሳቅሁ። እውነት ነው? (ሳቂታዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሳቁ ቀርቶብሽ ወሬውን ማን እንዳወራው ተመልከቺ። ጆን የሞተው በጥቅምት 1216 ኒውአርክ በተባለ ቦታ ነው። በሴንት ኦልባንስ ገዳም የነበረው ጸሐፊ ሮጀር ኦቭ ዌንዶቨር፣ ንጉሡ ታሞ ሳለ ኮክ ያለ ልክ በላ፣ አዲስ የፖም ጠላ ጠጣበት፣ ትኩሳቱ ባሰበት ብሎ ጻፈ። ጆን ደግሞ በመነኮሳት ዘንድ የሚወደድ ንጉሥ አልነበረም። በሆዳምነት ሞተ ማለት ለጸሐፊው የሚጣፍጥ ወሬ ነው። የታሪክ ሰዎች የገደለው የተቅማጥ በሽታ ነው ይላሉ። ኮኩ ቢበዛ አባብሶታል።

ግን አንባቢው ያን ወሬ ለምን አመነ? ሐኪሞች ለአንድ ሺህ ዓመት ሲያዘጋጁት ስለኖሩ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋሌን ኮክን አይወደውም። ጭማቂውም ሥጋውም ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከምግብ በፊት ይበላ እንጂ እንደ አንዳንዶች በኋላ አይበላ፣ ሌላውንም ምግብ ያበላሻል ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ፕሊኒ ገበያ ላይ ያየውን ጋሌን ሆድ ውስጥ አየው። መደርደሪያ ላይ ሁለት ቀን የማይቆይ ፍሬ አንጀት ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ፈራ። ፕሊኒ ግን ኮክ ጉዳት የለውም፣ ለበሽተኛም ይፈለጋል ባይ ነው። ኮክ በፋርስ መርዝ ነበር የሚለውንም ተረት ውሸት ነው ብሎ አጣጥሎታል።

ያሸነፈው የጋሌን ፍርሃት ነው። በመካከለኛው ዘመን ኮክ «ቀዝቃዛና እርጥብ» ተባለ፤ መድኃኒቱም ሞቃት የሚባለው ወይን ሆነ። በሳሌርኖ ከተማ ስም የሚጠራው የጤና ግጥም ኮክን ከአዲስ የወይን ጭማቂ ጋር ብሉ ይላል። ጣሊያኖች ዛሬም ኮክ ሸንሽነው ወይን ውስጥ ይነክራሉ፤ ሐኪሙ ተረስቶ ጣዕሙ ቀረ። «ለወዳጅህ በለስ ላጥለት፣ ለጠላትህ ኮክ» የሚል አባባልም አላቸው። ትርጉሙ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ወዳጄ ቤት ስሄድ በለስ ካላገኘሁ አልቀየምም።

ጥያቄ፦ ኮክ ሙቀት የሚፈልግ ፍሬ ነው። ታዲያ ፓሪስን በመሰለ ብርድ አገር እንዴት አበቀሉት? ፒች ሜልባስ ስንት ዓመቱ ነው? (ከአንድ አትክልተኛ)

መልስ፦ በግድግዳ ነው ያበቀሉት፣ ወንድሜ። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ800 አካባቢ በርስቶቹ ላይ እንዲተከሉ ካዘዛቸው ዛፎች መካከል የተለያየ ዓይነት ኮክ አለ። ትእዛዝ ግን ብርድን አያባርርም። ፓሪስ አጠገብ ያለችው የሞንትረይ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እርሻቸውን በግድግዳ ከፋፈሉት። ግድግዳው እዚያው ከሚቆፈር ጂፕሰም በተሠራ ልስን የተለሰነ ነው። ቀን የፀሐይ ሙቀት ይሰበስባል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ዛፉን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ሥራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲጦፍ የግድግዳዎቹ ርዝመት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። ፍሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፀጉሩ በብሩሽ ይጠረግ ነበር። በቬርሳይም የሉዊ 14ኛ አትክልተኛ ላ ኬንቲኒ ከ1678 እስከ 1683 በተሠራው የንጉሡ ጓሮ ኮክን በግድግዳ ያሳድግ ነበር።

ፒች ሜልባ የትናንት ልጅ ነው። ፈረንሳዊው አብሳይ ኤስኮፊየ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሳቮይ ሆቴል ሳለ ለአውስትራሊያዊቷ ዘፋኝ ኔሊ ሜልባ ሠራው። መጀመሪያ ኮክና የቫኒላ አይስክሬም ብቻ ነበር፤ ከበረዶ በተቀረጸ ዝይ መሳይ ወፍ ላይ ነው የቀረበው። የተፈጨውን ራስፕቤሪ የጨመረበት ኋላ ካርልተን ሆቴል ሲሠራ ነው። የኤስኮፊየ ኮክ የበሰለና ለስላሳ ነው። በረዶ ቤት ያለው አብሳይ ምን አስቸኮለው?

ጥያቄ፦ አንድ የድሮ መጽሐፍ ማርማላታ ሲሠራ የኮኩን ዘር ሰብሮ ውስጡን መጨመር ያዛል። ልጨምር? (እናት ነኝ)

መልስ፦ አይጨምሩ።

መጽሐፉ ግን አልዋሸም። በዘሩ ውስጥ ያለችው ፍሬ የመራራ አልሞንድ ሽታ አላት፤ አውሮፓውያን ለዘመናት ተጠቅመውባታል። ፈረንሳዮች በአልኮል ነክረው መጠጥ ይሠሩባታል። ጣሊያናዊው አርቱሲ በ1891 ባሳተመው የምግብ መጽሐፍ ስድስት ትልልቅ፣ ብዙ ያልበሰሉ ኮኮችን (እሱም ጠንካራውን!) በብስኩት፣ በ80 ግራም ስኳርና በአልሞንድ ይሞላል። ከጣፋጩ አልሞንድ መካከል ሦስት መራራ እንዲገባ ያዛል። ያው ሽታ ፍለጋ ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል ካሉ፣ ፍሬዋ ውስጥ አሚግዳሊን የሚባል ነገር አለ። ስትፈጭና ስትርስ ይበተንና ያንን መዓዛ ሳያናይድ ከሚባል መርዝ ጋር አብሮ ይለቃል። የድሮዎቹ አብሳዮች በጣት ቆጥረው ነበር የሚጨምሩት። ልጅ ባለበት ቤት ግን ቆጠራ ይሳሳታል። ሽታውን ከወደዱት ጥቂት የአልሞንድ ኤክስትራክት ጠብ ያድርጉበት። ዘሩን መስበር ካማረዎት ይስበሩና አሽትተው ይጣሉት።